የጠዋቱን ግርግር ለማታ፦ ለቤተሰብ የሳምንት ምሳ እንዴት ይሰናዳል?

ምሳ መቋጠር በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ዳቦ መቁረጥ፣ ሩዝ መጨለፍ፣ ክዳን መግጠም ማንም ያደርገዋል። የሚከብደው ሰዓቱ ነው። አንዱ ልጅ ካልሲው ጠፍቶበታል፣ ሌላው ገና አልተነሳም፣ ትልቁ ሰው ስልኩን ይፈልጋል። በዚህ መሃል ፍሪጅ ከፍቶ «ዛሬ ደግሞ ምን ላድርግላቸው?» ብሎ መቆም ነው ሰውን የሚያደክመው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እየሮጡ የገጠሙት ክዳንም ቦርሳ ውስጥ ይፈታና ደብተሩ ስጎ ይጠጣል።

ስለዚህ ጠዋት ላይ ምንም ነገር አይወሰን። ምን እንደሚበላ ሳምንቱ ሳይጀምር ይወሰናል። ዋናው ምግብ እሁድ ይበስላል፣ ረቡዕ ማታ ትንሽ ይታከልበታል፣ ምሳ ዕቃው ደግሞ ማታ ማታ ይሞላል። ለጠዋት የሚቀረው ማሞቅና ማንሳት ብቻ ነው። እሁድ የማይመቻችሁ ከሆነ ሌላ ቀን አድርጉት፤ ከዚያ ቀኖቹን በዚያው ልክ አሸጋሽጉ።

1. በመጀመሪያ ምሳ ዕቃዎቹን ቁጠሩ

ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ምግቡ ይሮጣል። ከዚያ በፊት ወረቀት አውጡና በሳምንቱ ስንት ምሳ ከቤት እንደሚወጣ ጻፉ። ሁለት ልጆች አምስቱንም ቀን ይዘው ይሄዳሉ እንበል፤ 10 ሆነ። እናት አራት ቀን፣ አባት ሦስት ቀን ይዘው ይወጣሉ። በድምሩ 17 ምሳ። እንግዲህ የምታበስሉት «ለሳምንቱ» ሳይሆን ለ17 ነው። ቁጥሩ ካልታወቀ ምግቡ ወይ ይተርፍና ይጣላል፣ ወይ ሐሙስ ላይ ያልቃል።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ ሰው ስም ሥር እነዚህን መልሱ፦

- የሚበላበት ቦታ ፍሪጅ አለ? ማይክሮዌቭስ?
- ከቤት ከወጣ ከስንት ሰዓት በኋላ ይበላል?
- ለመብላት ስንት ደቂቃ አለው?
- ክዳኑን ራሱ መክፈት ይችላል?
- የማይስማማው ምግብ አለ? ትምህርት ቤቱስ የከለከለው ነገር አለ?

የመጨረሻውን በቀላሉ አትለፉት። ኦቾሎኒ ጨርሶ ወደ ግቢ እንዳይገባ የሚከለክሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። አለርጂ ላለበት ልጅ ትንሽ ፍርፋሪ እንኳ ለሕይወት ሊያሰጋው ይችላል። የእናንተ ልጅ አለርጂ ባይኖርበትም አጠገቡ የሚቀመጠው ሊኖርበት ይችላል።

የክዳኑ ጥያቄ ደግሞ ከሚመስለው በላይ ትልቅ ነው። ልጁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። እናንተ በአንድ አውራ ጣት የምትከፍቱት ማጠፊያ የአምስት ዓመት ልጅን ያታግለዋል። መክፈት ያቃተው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አስተማሪውን አይጠይቅም። እንደታሸገ ይመልሰዋል። እናንተም ምግቡን ጠላው ብላችሁ ሌላ ምግብ ፍለጋ ትገባላችሁ።

ለመብላት የተሰጠው ጊዜም እንደዚሁ ነው። ሃያ ደቂቃ ያላት ልጅ ብርቱካን ስትልጥ ግማሹ ያልቅባታል። ተልጦ ይሂድላት።

2. ዕቃውን አሟሉ

ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ምሳ ዕቃ ይኑረው። አንዱ ታጥቦ እስኪደርቅ ሌላው ይሞላል። ሲቻል ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆኑ ይመረጣል፤ ክዳን ለክዳን ይለዋወጣሉ። ክዳን ፍለጋ መሳቢያ ሲበረብር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ከማይዝግ ብረት የተሠራው አይሰበርም፣ ሽታ አይይዝም፣ ለልጅ ይሆናል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን አይገባም። የመስታወቱ ለማይክሮዌቭ ጥሩ ነው፤ ክብደቱና መሰበሩ ስላለ ለአዋቂ ይቅር። ፕላስቲክ ከመረጣችሁ ከሥሩ የማይክሮዌቭ ምልክት እንዳለው እዩ። በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ያለበት ፖሊፕሮፒሊን ሲሆን፣ ከሌሎቹ የተለመዱ ፕላስቲኮች የተሻለ ሙቀት ይችላል። የተጣመመና ውስጡ የተቧጨረ ፕላስቲክ ጊዜው አልፏል።

በክፍል በክፍል ስለተከፋፈሉት ባለ ብዙ ቀለም ዕቃዎች የራሴ አስተያየት አለኝ። ስድስት ክፍል ያለው ምሳ ዕቃ በየቀኑ ስድስት ዓይነት ነገር እንድታዘጋጁ ያስገድዳችኋል። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ማክሰኞ ማታ ግን ራስ ምታት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ይበቃል።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጉት ትናንሽ ናቸው። ሰላጣ ማባያ የሚይዙ ባለ ጥምዝ ክዳን ብልቃጦች፣ አፉ ሰፊ የምግብ ፔርሙስ፣ ቅዝቃዜ የሚይዝ የምሳ ቦርሳና ፍሪዘር ውስጥ የሚቀዘቅዝ የበረዶ ከረጢት። ከረጢቱ ባይኖር የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ሦስት አራተኛውን ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ምሳውን ያቀዘቅዛል፤ ሲቀልጥም ይጠጣል።

3. ምግቡን ሳይሆን ክፍሎቹን አቅዱ

አምስት ቀን፣ አምስት የተለያየ ምሳ ብላችሁ ካሰባችሁ በሁለተኛው ሳምንት ትተዉታላችሁ። ቀላሉ መንገድ እርስ በርስ የሚጋጠሙ ጥቂት ነገሮችን ማብሰል ነው። ለአንድ ሳምንት ሁለት ዓይነት ሆድ የሚይዝ ነገር (ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ድንች)፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ገንቢ ምግብ (ምስር፣ ሽንብራ፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ዓሣ)፣ ሦስት ዓይነት አትክልት፣ ሁለት ዓይነት ፍራፍሬ። አንድ ጊዜ የተቀቀለ ዶሮ ሰኞ ከሩዝ ጋር ይሄዳል፣ ማክሰኞ ተፈልፍሎ ዳቦ ውስጥ ይገባል። ማንም «ትናንት የበላሁት ነው» አይላችሁም።

ልኩን በዓይን ለመገመት ምሳ ዕቃውን በሐሳብ ለአራት ክፈሉት። ሁለቱ አራተኛ አትክልትና ፍራፍሬ፣ አንዱ እህል፣ አንዱ ገንቢ ምግብ። በየቀኑ ልክ ላይመጣ ይችላል፤ በሳምንቱ ውስጥ ከተቀራረበ ይበቃል።

አንድ ሳምንት ይህን ሊመስል ይችላል፦

ሰኞ፦ ሩዝ፣ ዶሮ፣ ካሮት፣ ብርቱካን
ማክሰኞ፦ የዶሮ ሳንዱች፣ ኪያር፣ ፖም
ረቡዕ፦ ሩዝ በምስር፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጥቅል ጎመን
ሐሙስ፦ ፓስታ በስጎ፣ ካሮት፣ ሙዝ
አርብ፦ የእንቁላል ሳንዱች፣ የተረፈ አትክልት፣ ያለው ፍራፍሬ

አርብ ሆን ተብሎ ልል ነው። የሳምንቱ የአትክልትና የፍራፍሬ ትርፍራፊ የሚነሳበት ቀን ያስፈልጋል።

ልጆቹን አማክሯቸው፤ ግን «ምን ትፈልጋለህ?» አትበሉ። ዓይኑ አዋጅ ይሆንበትና መጨረሻው ብስኩት ነው። «ካሮት ወይስ ኪያር?» በሉት። ሁለቱም እናንተ የምትስማሙበት ነው፤ እሱም መረጥኩ ብሎ ይበላዋል። አዲስ ምግብ ደግሞ መጀመሪያ ቤት ውስጥ እራት ላይ ይቅመስ። ጓደኞቹ መሃል ተቀምጦ፣ ርቦት፣ የማያውቀውን ነገር የሚሞክር ልጅ ብርቅ ነው።

4. ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት

ፍሪጁን ክፈቱና ያለውን እዩ። ዕቅዱ መጀመሪያ ያለውን ይጨርስ። ዝርዝሩ ላይ «ካሮት» ብቻ አትጻፉ፤ «ካሮት 8» በሉ፣ ከምሳዎቹ ቁጥር ተነስታችሁ። ሙዝ ስትገዙ ገሚሱን የበሰለ፣ ገሚሱን አረንጓዴ የሚለው ይሁን። አለዚያ ሁሉም በአንድ ቀን ይበስሉና በአንድ ቀን ይጠቁራሉ።

5. የእሁዱ የሁለት ሰዓት ሥራ

ሥራውን የሚያሳጥረው ፍጥነት ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው። ረጅም ጊዜ የሚወስደው ቀድሞ ይጣዳል፤ እጅ የሚፈልገው ሥራ ድስቱ ሲንተከተክ ይሠራል።

ሽንብራ ካለ ቅዳሜ ማታ ይዘፈዘፍ፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበቃዋል። እሁድ መጀመሪያ የዕቃ ማጠቢያውን ባዶ አድርጉ፤ በቆሸሸ ዕቃ ላይ የተጀመረ ሥራ አያልቅም። ከዚያ ዶሮውንና ጥራጥሬውን ጣዱ። ዶሮውን በውሃ አትጠቡት። ውሃው ጀርሙን በቧንቧው፣ በጠረጴዛውና አጠገቡ ባለው ሰላጣ ላይ ይረጨዋል፤ የሚገድለው እሳቱ ነው። የጥሬ ሥጋ መክተፊያና ቢላዋ ለብቻ ይሁን፤ እጅም ከነካ በኋላ በሳሙና 20 ሰከንድ ይታጠብ።

እነሱ ሲበስሉ ሩዙ ይቀጥላል። አንድ ስኒ ጥሬ ሩዝ ሲበስል ወደ ሦስት ስኒ ይሆናል። ለትንሽ ልጅ ግማሽ ስኒ የበሰለ፣ ለአዋቂ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስኒ እያላችሁ አስሉት። እንቁላሉን ውሃው ከፈላ በኋላ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ቀቅሉና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ ልጣጩ በቀላሉ ይለቃል። ግን አትላጡት። ከነቅርፊቱ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ የሚላጠው በሚወጣበት ዋዜማ ነው።

አሁን እጃችሁ ነፃ ነው፤ አትክልቱን ያዙ። ካሮት በጣት ልክ ተቆርጦ ውሃ በያዘ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ለቀናት እንደጠነከረ ይቆያል፤ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩለት። ጥቅል ጎመን ተከትፎ ይሰነብታል። ሰላጣ ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት። እርጥብ ከገባ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ዕቃው ውስጥ የወጥ ቤት ሶፍት አንጥፉለት። ኪያርና ቲማቲምን ግን እሁድ አትቁረጡ። ውሃ ይለቁና ረቡዕ ላይ ዝልግልግ ብለው ይጠብቋችኋል።

ስጎው በትልቁ ድስት ይሠራ። የአንድ ድስትና የግማሽ ድስት ድካም አንድ ነው። ትርፉ ወደ ፍሪዘር ይሄዳል።

ስለ ሩዝ ማቀዝቀዝ፣ ረጋ ብለን

ሰው ምግብ የሚያበላሸው ሲያበስል ሳይሆን ካበሰለ በኋላ ነው። ሩዝ ደግሞ በዚህ በኩል ተንኮለኛ ነው። ጥሬ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ የፈላ ውሃን ችሎ ያልፋል። የበሰለው ሩዝ ድስቱ ውስጥ ለብ ብሎ ከሰዓት ሲውል ያ ዘር ነቅቶ ይባዛል፣ የሚያስታውክ መርዝም ያመነጫል። መርዙ ሙቀት አይበግረውም። ስለዚህ «ነገ በደንብ አሞቀዋለሁ» ማለት መፍትሔ አይሆንም።

ሰፊ ትሪ ውሰዱ። ሩዙን ከድስቱ ገልብጡና በማንኪያ ጀርባ በትኑት፤ ውፍረቱ ከሁለት ጣት አይብለጥ። መጀመሪያ እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ ይወጣል። ትንሽ ቆይታችሁ በሹካ አገላብጡት፤ ፍሬዎቹ መለያየት ይጀምራሉ። እጃችሁን ከላይ ስታንዣብቡ ሙቀት ካልተሰማችሁ ወደ ዕቃ ግልበጣው ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። በነገራችን ላይ እንዲህ የተበተነ ሩዝ አይላቁጥም፤ ትርፉ ሁለት ነው።

ሌላውም ምግብ ከምድጃ ከወረደ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይዋል፤ ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ከአንድ ሰዓት። ጀርም በፍጥነት የሚራባው በ4 እና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ነውና ዓላማው ያንን ክልል ቶሎ ማለፍ ነው። ትልቁን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ከመክተት በጥልቀት ከ5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ ዕቃዎች ላይ አከፋፍሉት። «ትኩስ ምግብ ፍሪጅ አይገባም» እየተባለ ድስት ጠረጴዛ ላይ የሚያድርበት ቤት አለ። ተከፋፍሎ እንፋሎቱ ከወጣለት ይገባል። ክዳኑን ግን እስኪቀዘቅዝ ገርበብ አድርጉት።

6. የእሁድ ምግብ አርብ አይደርስም

ብዙ የሳምንት ዕቅድ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ካልተላጠ እንቁላል በቀር የበሰለ ምግብ በ4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በሚሠራ ፍሪጅ የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ነው። እሁድ ያበሰላችሁት ሰኞን፣ ማክሰኞንና ረቡዕን በደህና ይሸፍናል። ሐሙስ ድንበር ላይ ነው። አርብ አልፎበታል፣ ባይሸትም። ምግብ ሳይሸትና ሳይሻግት ሊያሳምም ይችላል።

ስለዚህ ሐሙስና አርብ ከሁለት ቦታ ይመጣሉ፦ ከፍሪዘርና ከረቡዕ ማታ።

ፍሪዘር ውስጥ ስጎ፣ የተቀቀለ ምስርና ሽንብራ፣ የተፈለፈለ ዶሮ፣ ዳቦ፣ የበሰለ ሩዝም ጥሩ ይሆናሉ። ዚፕ ባለው ላስቲክ ሞልታችሁ እንደ መጽሐፍ አስተኟቸው። ጠፍጣፋው ቶሎ ይበርዳል፣ ቶሎ ይቀልጣል፣ ቦታም አይፈጅም። ውሃ ሲበርድ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር እስከ አፉ አትሙሉት። ኪያር፣ ሰላጣና ጥሬ ቲማቲም ፍሪዘር አይስማማቸውም፤ ሲቀልጡ ይልፈሰፈሳሉ። የተቀቀለ እንቁላል ነጩ ጎማ ይሆናል፣ ማዮኔዝ ይለያያል፣ ድንች አሸዋ አሸዋ ይላል።

ሁሉም ዕቃ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና ስሙንና ቀኑን በማርከር ጻፉ። «አስታውሰዋለሁ» አትበሉ። በረዶ የያዘ ስጎና በረዶ የያዘ ምስር በዓይን አይለዩም።

ረቡዕ ጠዋት የሐሙሱ ስጎ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ይውረድ። ጠረጴዛ ላይ አይቅለጥ፤ መሃሉ ሳይቀልጥ ዳሩ ይሞቃል። ማታ ላይ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ፓስታ ትቀቅላላችሁ፤ እሽጉ ላይ ካለው ጊዜ አንድ ሁለት ደቂቃ አሳጥሩት፤ ስጎው ውስጥ ሲያድርና ሲሞቅ የቀረውን ይጨርሳል። ባለቀው አትክልት ፋንታ ሌላ ትቆርጣላችሁ፣ ፍራፍሬ ታያላችሁ። እራት በምትሠሩበት ምድጃ ላይ አብሮ የሚያልቅ ነገር ነው።

7. ማታ ማታ መሙላት

ጊዜው እራት እንዳለቀ፣ ዕቃ ሳይታጠብ ነው። ወጥ ቤቱ አንዴ ከተጸዳ በኋላ ተመልሶ የሚያቆሽሽ ሰው አይገኝም። ምሳ ዕቃዎቹን ከፍታችሁ በረድፍ ደርድሩ። የአንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ሩዙን ለሁሉም፣ ከዚያ ዶሮውን ለሁሉም፣ ከዚያ አትክልቱን። ሲለመድ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የሰባት ዓመት ልጅ ፍራፍሬና ማንኪያ ያስገባል፣ የአሥር ዓመት ልጅ የራሱን ሙሉ በሙሉ ይሠራል። የቤቱ ትልልቅ ሰዎችም ተራ ይግቡ፤ አንድ ሰው ላይ የተጣለ ምሳ ያ ሰው ሲታመም ይቆማል።

ሳንዱች ላይ ጥቂት እንቆይ። አዳሩን ዳቦውን የሚያረጥበው ቲማቲምና ስጎ ነው። ሁለቱንም የዳቦ ገጾች እስከ ዳር ድረስ በስሱ ቅቤ ቀቧቸው፤ ቅባቱ ውሃውን አያሳልፍም። ከቅቤው ቀጥሎ የደረቀ ሰላጣ ቅጠል፣ ከዚያ ዶሮው ወይም እንቁላሉ፣ ከላይ ሌላ ቅጠል። ቲማቲም የግድ ከሆነ መሃል ላይ፣ ፍሬው በማንኪያ ወጥቶ፣ ዳቦ እንዳይነካ ይደረግ። ይበልጥ የሚሻለው ለብቻው በትንሽ ዕቃ መላክ ነው።

የተቆረጠ ፖም የሚጠቁረው ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው። ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ልጁ ኮምጣጣ ካልወደደ በአንድ ስኒ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡና ቁራጮቹን 10 ደቂቃ ንከሯቸው፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ ለቅለቅ። ጨውነቱ አይሰማም። የሰላጣ ማባያ በብልቃጥ ለብቻ ይሂድ። ምሳ ዕቃው ውስጥ ክፍተት አትተዉ፤ ምግብ የሚተረማመሰው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ሲያገኝ ነው። በተረፈው ጥግ ካሮት ሸጉጡበት።

ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አቆራረጡ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ወይን በቁመቱ ለአራት ይከፈል፤ ድቡልቡል ሆኖ ጉሮሮ ይዘጋል። ቋሊማም በቁመቱ ይሰንጠቅ። ጥሬ ካሮት ይፈቅፈቅ ወይም በእንፋሎት ይለስልስ። ድፍን ኦቾሎኒና መሰሎቹ ጨርሶ አይላኩ።

የሞላው ምሳ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ቀዝቃዛ ሆኖ የወጣ ምግብ ቀዝቃዛ ሆኖ ለመቆየት ይቀለዋል።

8. ጠዋት የሚቀረው

ትኩስ ለሚበላ፣ ማይክሮዌቭ ለሌለው ሰው፣ ፔርሙስ ነው። መጀመሪያ የፈላ ውሃ ሞልታችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ክደኑት፤ ይህን የሚዘልል ሰው ነው ፔርሙሱን የሚረግመው። ምግቡ ለብ ሳይሆን እየተንተከተከ ይሙቅ፤ ቴርሞሜትር ያለው ሰው 74 ዲግሪ ይጠብቅ። ውሃውን ደፉ፣ ወዲያው እስከ አፉ ሙሉ፣ ግጠሙ። ግማሽ የሞላ ፔርሙስ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ፔርሙሱ ጥሩ መሆኑን በእረፍት ቀን ፈትኑት። የፈላ ውሃ ሞልታችሁ ልጁ ከቤት ከሚወጣበት ምሳ እስከሚበላበት ያለውን ያህል ሰዓት አቆዩትና ለኩት። ከ60 ዲግሪ በታች ከወረደ በዚያ ፔርሙስ ትኩስ ምግብ አትላኩ።

ቀዝቃዛውን ምሳ በተመለከተ የበረዶ ከረጢቱ ከላይ ይሁን፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርዳል። ሁለት ካለ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ትኩስ ፔርሙስና በረዶ በአንድ ቦርሳ ተደባልቀው አይሂዱ። ማይክሮዌቭ ያለው አዋቂ ደግሞ ሩዙን ወደ ዳር ገፋ አድርጎ መሃሉን ባዶ ያድርገው፣ በመሃል አውጥቶ ያማስለው። ማይክሮዌቭ እኩል አያሞቅም።

ምሳውን ፍሪጅ ውስጥ ትቶ የሚወጣ ሰው በየቤቱ አለ። የቤት ቁልፉን ማታ ምሳ ዕቃው ላይ፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ አስቀምጡለት። ይስቅባችኋል፤ ሳይወስደው ግን አይወጣም።

9. ዕቃው ሲመለስ

ቦርሳው ቤት እንደገባ ምሳ ዕቃው ይከፈት። ለሽታው ብቻ አይደለም፤ ዕቅዱ ልክ መሆኑን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ካሮቱ ሁልጊዜ ሦስት ሦስት የሚተርፍ ከሆነ በሦስት ቀንሱ። ዳቦው ዳር ዳሩ ከተበላ መሃሉ ርሷል ማለት ነው። ሁሉም በትንሽ በትንሹ ተነክሶ ከመጣ ጊዜ አልበቃውም፤ አቆራረጡን አሳንሱ። ሥጋው ብቻ ከተመለሰ ምናልባት ማኘኩ አስቸግሮታል፤ ፈልፍሉት። «ለምን አልበላህም?» የሚለው ጥያቄ የሚያመጣው «አላውቅም» የሚል መልስ ነው። «ማን አጠገብ ተቀመጥክ? መጀመሪያ ምን በላህ?» ስትሉት ነገሩ ራሱ ይወጣል። የተመለሰው ምግብ ይጣል፤ ፍሪጅ ውስጥ ተመልሶ አይገባም። ያልተላጠ ፍራፍሬና የታሸገ ብስኩት ካልሆነ በቀር።

ስታጥቡ የክዳኑን ጎማ አውጡት። በማንኪያ እጀታ ፈንቀል ስታደርጉት ይወጣል። ከሥሩ ጥቁር መስመር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት፣ ካልለቀቀ ጎማውን ቀይሩት። በሳምንት አንዴ ይበቃል። የዓሣ ወይም የሽንኩርት ሽታ ለያዘ ፕላስቲክ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ አቡክታችሁ ቀቡትና አሳድሩት። ክዳኑን ገጥማችሁ አታስቀምጡ፤ ተከፍቶ ይድረቅ።

10. ዕቅዱ የፈረሰ ዕለት

ልጅ የሚታመምበት፣ እንግዳ የሚመጣበት፣ እሁዱ በሙሉ ደብዛው የሚጠፋበት ሳምንት አለ። ለዚያ ሳምንት ከመደርደሪያው አንድ ጥግ ያዙ። የታሸገ ቱና፣ የታሸገ ሽንብራ፣ ደረቅ ብስኩት፣ ዘቢብ። ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ አራት አምስት ሳንዱች፤ ዶሮ ወይም ቺዝ ብቻ የገባበት፣ ያለ ሰላጣ፣ ያለ ቲማቲም፣ ያለ ማዮኔዝ፣ አንድ አንዱ ተጠቅልሎ። ጠዋት በረዶ እንደሆነ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ እስከ ምሳ ይቀልጣል፣ እግረ መንገዱንም አጠገቡ ያለውን እርጎ ያቀዘቅዛል።

አንድ ሕግ ብቻ አለው። ከዚያ ጥግ አንድ ነገር ያነሳ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እዚያው ፍሪጅ በር ላይ ባለው የገበያ ዝርዝር ይጻፈው። እስክሪብቶውን በክር አንጠልጥሉት፤ ካልታሰረ በሁለት ቀን ይጠፋል።